የመሪጌታ ቀኝ እጅ

ሰው በማስተማር እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ሊማሊሞን በክረምት ወርጃለሁ፣ መተማ በረሃ ላይ በቀትር ጎማ ፈትቻለሁ። ያ ሁሉ ወገቤን በላው እንጂ ልቤን አልነካውም። ልቤን ያደከሙት መሪጌታ ልዑልቃል ናቸው። ከኋላቸው የማማቸው እንዳይመስላችሁ፣ ይህንኑ በፊታቸው ነግሬያቸዋለሁ።

አላምረው እባላለሁ። ወገቤ ጭነት መኪና አላስነዳ ሲለኝ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ አዘዞ ካለ አንድ የአሽከርካሪ ማሠልጠኛ አሠልጣኝ ሆኜ ገባሁ። ሠልጣኞቹ አያ አላምረው ይሉኛል። ሥራዬ ሲያዩት ቀላል ነው። አሮጌ ኢሱዙ ጋቢና ውስጥ ከሠልጣኙ ጎን ተቀምጦ «ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ቀስ» ማለት ነው። በቀን ስድስት ሰው አስነዳለሁ፤ አንዱን ዳገት ስድስት ጊዜ እወጣለሁ፣ ስድስት ጊዜ እወርዳለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሚስቴ ስታናግረኝ «ቀስ» እላታለሁ። እሷም ለምዳዋለች።

የዳገቱን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ጣጣው ሁሉ ከእሱ ነው። ፈተናው ከማሠልጠኛው በር ይነሳል፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ያልፋል፣ ዳገቱን ወጥቶ ከላይ ዞሮ ይመለሳል። ከዳገቱ ወገብ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ እኛ የዳገቷ ማርያም እንላታለን። ልክ ከበሯ ፊት ሲደረስ መንገዱ ድንገት ቀጥ ይላል። በሦስተኛ ማርሽ የመጣ መኪና እዚያ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ወደ ሁለተኛ ካልወረደለት ይጠፋል። ማርሽ የሚቀየረው በቀኝ እጅ ነው። የሚማተበውም በቀኝ እጅ ነው። ነገሩ ይኸው ነው፣ የቀረው ዝርዝር ነው።

መሪጌታ የመጡት በኅዳር መጀመሪያ ነው። ነጭ ጥምጣም፣ ቡናማ ኮት፣ ከኮቱ በላይ ጋቢ። ዕድሜያቸው አርባ ስድስት ነው፣ ሲያዩዋቸው ግን ከእኔ እኩል ይመስላሉ። ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ የመጡ መስሎኝ «ለማን ነው፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«ለራሴ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማውን ይመስላል። ጎንበስ ብዬ እንደገና ካልጠየቅኋቸው አልሰማኋቸውም።

ያን ቀን ከሠልጣኞቹ መካከል ነጃት ነበረች። ነጃት የእህል ነጋዴ ልጅ ናት፤ አባቷን አሳምና ደረቅ ጭነት ልትነዳ የመጣች፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ። «እንግዲህ የኔታ ከመጡልን ሁላችንም ዳዊት ደግመን እንወጣለን» አለች። የኔታ የሚባለው የቆሎ ተማሪ መምህሩን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ሁሉ የኔታ አላቸው። ለቀልድ ነው፣ እሳቸው ግን «አቤት» ይላሉ። ሲጠሩበት የኖሩበት ስም ነውና አልከበዳቸውም።

ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ ካለ ደብር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ድጓ አስተምረዋል። ድጓ በዜማ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ድምፅ ነው። ከዚያ አንገታቸው ላይ እንቅርት ወጣ። ዓመት ከዓመት እያደገ መተንፈስ ከለከላቸው። ሐኪሞቹ «ካልወጣ ይገድልዎታል፣ ከወጣ ድምፅዎን ሊወስደው ይችላል» ብለው አስቀድመው ነገሯቸው፤ እሳቸውም ፈረሙ። ወጣ፣ ድምፁም አብሮ ሄደ። ተማሪዎቻቸውን አንድ በአንድ ለሌላ መምህር ካስረከቡ በኋላ ሚስታቸውንና አራት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጎንደር ወረዱ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉ የለ፣ እንዲያ ነው የሆነው።

ጎንደር ላይ የተጠጉት ከሚስታቸው ወንድም ከአብዮት ዘንድ ነው። አብዮት ከዳባት ገብስ የሚያመላልስ አንድ ኢሱዙ አለው። «መንጃ ፈቃድ አውጣና መኪናው የአንተ ሥራ ይሁን» አላቸው። ደግ ሰው ነው፣ ግን የደግ ሰው ትዕግሥትም ልክ አለው። «እስከ ጥምቀት እጠብቅሃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሾፌር እይዛለሁ» አለ። በእኛ ማሠልጠኛ ደንብ ደግሞ የመንዳት ፈተና ሦስት ጊዜ ነው፤ በሦስተኛው የወደቀ ከሀ ይጀምራል። መሪጌታ ከሀ ለመጀመር ጊዜ አልነበራቸውም። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው ከሰው ግቢ መኖራቸው ዐሥረኛ ወሩን ይዟል፤ ይህን የነገሩኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ሁለተኛ አላነሱትም።

የጽሑፉ ፈተና ያስቃል። የመንገድ ደንቡን መጽሐፍ በአራት ቀን በቃላቸው ያዙት፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን። እኔ ልፈትናቸው ብዬ «ይህች ሦስት ማዕዘን ምልክት ምንድን ናት?» ስላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከምዕራፍ አንድ ጀመሩ።

«ኧረ መሪጌታ፣ መካከሉን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«መካከሉ ያለ መጀመሪያው አይመጣም» አሉኝና ቀጠሉ። ወደ ምልክቷ ሲደርሱ ሻዬ በርዶ ነበር። መልሱ ልክ ነው፣ አንድ ቃል አልሳቱም። ጽሑፉን ከመቶ ዘጠና ስምንት አመጡ፤ ሁለቱን የሳቱት ሰዓት አልቆ ነው።

ከዚያ መንዳቱ መጣ። እግራቸው ሸጋ ነው፣ ፍሪሲዮን እንደ እሳቸው በለሆሳስ የሚለቅ ሠልጣኝ አላየሁም። ዓይናቸው መስታወት አይረሳም። ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ መቆም፣ መዞር፣ ሁሉ ደህና ነው። ታዲያ ዳገቱን ወጥተን ከማርያም በር ስንደርስ፣ እኔ «ማርሽ» ስል፣ ያ ቀኝ እጅ ከመሪው ተነስቶ ወደ ማርሹ ሳይሆን ወደ ግንባራቸው ይሄዳል።

የጎንደር ሾፌር ቤተ ክርስቲያን ሲያይ መሳለሙን አጥቼው አይደለም። በዚህች ከተማ ታቦት ሳያልፉ መቶ ሜትር አይኬድም። ሁላችንም እንሳለማለን። ግን እኛ ራሳችንን ነቅነቅ እናደርጋለን፣ ወይ በአንድ ጣት ግንባራችንን ነካ አድርገን እናልፋለን። እሳቸው እንደዚያ አያውቁም። ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ፣ በስመ አብ ብለው እስከ አሜን። እስከዚያ መኪናው ይንተፋተፍና ይጠፋል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይንከባለላል። እኔ የእጅ ፍሬኑን ስስብ ወገቤ «ጠቅ» ይላል።

በቀን አንድ ጊዜ ቢሆን ይሁን። በዚያ ወር ውስጥ ግን ስንቴ ወገቤን ይዤ እንደወረድኩ አልቆጠርኩም። «እጅዎን፣ መሪጌታ» እላለሁ። «ይቅር ይበሉኝ» ይላሉ። በማግሥቱ ያው ነው። ስናደድ አንቱታውን እረሳዋለሁ፤ አንድ ቀን ባጃጅ ከኋላችን ተጠግታ ሳለ መኪናው ሲንሸራተት «አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው?» አልኩ። ካህን ነው አንተ ያልኩት። ባጃጁ ውስጥ ያሉትም ሰሙ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው እንደገና ቁልፉን አዞሩ።

የመጀመሪያው ፈተና በታኅሣሥ መጀመሪያ ሆነ። ፈታኙ ሰውአገኝ ይባላል፣ ከመንገድ ትራንስፖርት የሚመጣ፣ ሳቅ የማያባክን ሰው። ከማርያም በር ሲደርሱ እጅ ወደ ግንባር፣ ሞተር ጠፋ፣ መኪናው ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ሄደ። ሰውአገኝ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር አሰመረ፣ አለቀ።

ለሁለተኛው ራሳቸውን አዘጋጁ። ጠዋት ሲመጡ «ዛሬ እጄን እይዛታለሁ» አሉኝ። ያዟትም። ከበሩ ሲደርሱ ሁለቱንም እጃቸውን መሪው ላይ አጥብቀው፣ ጅማታቸው ተገታትሮ፣ ወደ ፊት ብቻ አዩ። ቀኝ እጃቸው ወደ ግንባር አልሄደችም። ወደ ማርሹም አልሄደችም። እዚያው መሪው ላይ ደርቃ ቀረች፣ መኪናው በሦስተኛ እያቃሰተ ጠፋ። የእጅ ፍሬኑን ሰውአገኝ ራሱ ሳበው።

ሲመለሱ ግቢው ውስጥ ከተጣለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ቀኑ ሞቃት ነበር፣ እኔ አራት ሰው አስነድቼ ሁለት ይቀረኛል፣ ወገቤ ይነድዳል። እንዲያው ቢያልፉልኝና ከፊቴ ዞር ቢሉልኝ ነበር የምፈልገው፤ እውነቱን ነው የምናገረው።

«ምነው መሪጌታ?» አልኳቸው። «እናትየዋ አንድ ቀን ሳይሳለሟት ቢያልፉ ትቀየማለች? ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሳልመዋት አልበቃትም?»

ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ያዟት። ይህ ይብሱን አናደደኝ።

«ድምፅ የለዎት፣ እጅዎ አይታዘዝዎት፣ ታዲያ እዚህ ምን ሊሠሩ መጡ?» አልኩ።

ነጃት ከወዲያ ሆና ሰማችኝ። ለሁሉ መልስ ያላት ልጅ አቀረቀረች። እኔም ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፣ መመለሻ ግን የለውም።

መሪጌታ አልተቆጡም። ቀስ ብለው፣ በዚያች በተሰበረች ድምፅ፣ እንድሰማቸው ጎንበስ እስክል ጠብቀው ተናገሩ።

«አያ አላምረው፣ እኔ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት በድምፄ ነው። ሌላ ነገር አላውቅም። አሁን ማኅሌት እቆማለሁ፣ ወንድሞቼ ሲያዜሙ አፌን እከፍታለሁ፣ የሚወጣ ነገር የለም። የቀረችኝ ይህች እጅ ናት። እሷ ደህና ናት፣ ታማተባለች። እሷንም ከከለከልኳት በምን ላመስግን?» አሉ። ከዚያ እጃቸውን አዩዋት። «ዛሬ ከለከልኳት፣ አይተዋል። ስከለክላት ሌላውንም ሁሉ ረሳች።»

አፈርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሾፌር ጋር ስሰዳደብ ኖሬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የቀሩትን ሁለት ሠልጣኞች ለሌላ አሠልጣኝ ሰጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ለሚስቴም «ቀስ» አላልኳትም።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እግሬ በዚያ ዳገት ወሰደኝ። ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ አሸዋ የጫነ አንድ ከባድ መኪና ከታች መጣ። ሾፌሩ ሽበታም ነው። ገና ሜዳው ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ በር ሳያልፍ፣ ወደ ሁለተኛ ሲያወርድ ሰማሁት። ከዚያ እያጓራ፣ ግን ሳይንገዳገድ፣ ማርሽ ሳይነካ ማርያምን አልፎ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁን አነሳና ተሳለመ። እጁ ሥራ የላትማ።

«መካከሉ ያለ መጀመሪያው አይመጣም» ያሉኝ ትዝ አለኝ።

እኔስ ሊማሊሞን እንዴት ነበር የምወጣው? ማርሹን ከሥር ይዤ አይደለም? ዳገት ላይ ማርሽ የሚፈልግ ሾፌር ገደል ነው የሚያገኘው ብሎ ያስተማረኝ ያ ረዳት ሆኜ ያገለገልኩት ሾፌር አይደለም? ታዲያ እዚህ ስገባ ከእኔ በፊት የነበረው አሠልጣኝ «ማርሽ ከማርያም በር ላይ ነው» አለኝ፣ እኔም ይህንኑ ለስድስት ዓመት ደገምኩት። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ደክሞኝ ነበር። የሌሎቹ ሠልጣኞች እጅ ሌላ ሥራ ስላልነበረባት ጉዳዩ አልታየኝም። ጥፋቱ የእጃቸው ብቻ አልነበረም፣ የእኔም ነበር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው እኔን ነው።

መሪጌታ ሲመጡ ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። አፌ አልለመደም። «ይምጡ፣ ዛሬ ሌላ ትምህርት ነው» ብዬ ጋቢና አስገባኋቸው። ከወፍጮ ቤቱ በር ስንደርስ «ማርሽ፣ ሁለተኛ» አልኩ።

«እዚህ? ሜዳ ላይ?»

«እዚሁ። መጀመሪያው ይህ ነው።»

አወረዱ። ሞተሩ ማጓራት ጀመረ። ፊታቸው ተጨነቀ፣ «ይጮኻል እኮ» አሉኝ።

«ይጩኽ» አልኳቸው። «እርስዎን ተክቶ ይጩኽ።»

እንዳልኩት ደነገጥኩ፣ እንደ ትናንቱ ያቆሰልኳቸው መሰለኝ። መሪጌታ ግን ሳቁ። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ዳገቱን ወጣን፤ ከበሩ ስንደርስ ግራ እጃቸው መሪውን እንደያዘ ቀኝ እጃቸው ተነሳች፣ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እስከ አሜን፣ አንዲት ሳትጎድል። ተመልሳም መሪዋን ያዘች። መኪናው ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ዕረፍት ሠራን። አንድ ነገር ብቻ ቀረን፣ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት። ቆሞ ሲነሳ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት የለበትም፤ ፍሪሲዮኑ ሲይዝና የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ አንድ መሆን አለባቸው። ከአምስት ሦስቱን ይንሸራተቱ ነበር። «ግድ የለም፣ ፈታኙ የሚያቆመው ከላይ ከሜዳው ዘንድ ነው፣ እዚያ ቀላል ነው» አልኳቸው። ራሴንም ይህን እያልኩ ነበር የማጽናናው።

ሦስተኛው ፈተና ጥር ስምንት ቀን ዋለ፤ ጥምቀት ሦስት ቀን ቀርቶታል። አሠልጣኝ ከፈታኝ ጋር ጋቢና አይገባም። ሌላ ጊዜ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነው የምጠብቅ። ያን ቀን አልቻልኩም። ወገቤን ይዤ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁና ከማርያም በር ትይዩ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስደርስ ላብ አጥምቆኝ ነበር።

ኢሱዙዋን ሳላያት ሰማኋት። ከታች ከወፍጮ ቤቱ ዘንድ ማርሽ ስታወርድ፣ ያ የማውቀው ማጓራት። እፎይ አልኩ። መጣች፣ ረጋ ብላ፣ እያጓራች።

ወዲያው በጎን ካለው መንገድ ቀብር ወጣ።

ከፊት ካህናቱ እያዜሙ፣ ቀጥሎ አስከሬኑ፣ ከኋላ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሕዝብ። መንገዱን ሞልተው ወደ ማርያም በር ታጠፉ። በእኛ አገር ለቀብር የማይቆም ሾፌር የለም፤ ፈተናም ቢሆን፣ ንጉሥም ቢሆን ይቆማል። መኪናዋ ቆመች። የቆመችው ከበሩ ፊት፣ መንገዱ ቀጥ ከሚልበት፣ በዚያች ወር ሙሉ ስትንሸራተትባት ከኖረችው ቦታ ላይ ነው።

ከድንጋዬ ልነሳ ፈለግሁ፣ ወገቤ አላስነሳኝም። የሠራነው ሁሉ ከንቱ ሆነ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ወደቁ፣ አብዮት ሌላ ሾፌር ይዟል፣ እኔም ያንን የተረገመ አፌን ይዤ ልቀር ነው አልኩ።

መስኮቱ ክፍት ነው፣ መሪጌታን አያቸዋለሁ። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ማርሹን ነፃ አደረጉ። ቀኝ እጃቸው ነፃ ወጣች። አማተቡ፣ ሳይቸኩሉ። ከዚያ ካህናቱ በመኪናዋ አፍንጫ ሥር ሲያልፉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የሚያዜሙትን ቃል በቃል አብረው ይሉት ነበር። የሚሰማ ነገር የለም። ጣታቸው ግን መሪው ላይ ቀስ እያለች ትወድቅ ትነሳ ነበር፣ ዜማውን እየመታች። ሰውአገኝ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥምጣማቸውን ያያል። እኔ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አልደብቅም። ያ ሁሉ ድምፅ በመንገዱ ሲያልፍ ባለቤቱ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ይሰማዋል።

የቀብሩ መጨረሻ ገባ። መንገዱ ተለቀቀ።

ከኋላ ጎማዋ ሥር፣ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ራቅ ብሎ፣ የብርቱካን ልጣጭ ወድቋል። ዓይኔን እሷ ላይ ተከልኩ። ሞተሩ ድምፁ ከፍ አለ። ፍሪሲዮኑ ሲይዝ የመኪናዋ አፍንጫ ትንሽ ቀና ሲል አየሁ። «አሁን፣ ቀስ» አልኩ ለራሴ። የእጅ ፍሬኑ ተለቀቀ። ጎማው ልጣጯን አልነካትም። ወደ ፊት ሄደ፣ ዳገቱን ወጣ፣ ከላይ ዞሮ ከዓይኔ ተሰወረ። ልጣጯ እዚያው ቀረች።

መኪናዋ ስትመለስ አጠገቤ አልቆመችም፣ ወደ ማሠልጠኛው ወረደች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ፤ ወገቤ እንቢ ብሎኛል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መሪጌታ በእግራቸው ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እያለከለኩ።

«እህሳ?» አልኳቸው።

«አለፍኩ» አሉኝ።

«ሰውአገኝስ ምን አለ?»

«በሩ ላይ እጁን ለቋል ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን መኪናው ቆሟል፣ ፍሬኑ ተይዟል፣ ምን ብዬ እጽፈዋለሁ አሉ። ከዚያ እሳቸውም አማተቡ።»

ደስ ሲለኝ የምሆነውን አላውቅም። «በሉ ይሂዱ፣ አብዮት ይጠብቅዎታል» ብዬ በእጄ አባረርኳቸው። አልሄዱም። ጥምጣማቸውን አወለቁ። ከዚያ ጎንበስ አሉና፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ግሪስ የነካውን ጉልበቴን ሳሙ።

«ይተዉ እንጂ፣ እርስዎ እኮ ካህን ነዎት» አልኳቸው።

ቀና አላሉም። የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ መምህሩ ካልመረቀው አይሄድም፤ ይህን እኔም አውቀዋለሁ። ጎንበስ እንዳሉ፣ በዚያች በተሰበረች ድምፅ፣ «የኔታ» አሉኝ። «ይመርቁኝና ልሂድ።»

በዕድሜዬ ብዙ ስም ተጠርቻለሁ፤ አብዛኛው አይነገርም። ይህን ስም ግን ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። ምርቃትም አላውቅም፣ ሾፌር ነኝ። ያለኝን ፈለግሁ። እጄን ከራሳቸው ላይ አደረግሁና «ዳገቱን ከሥሩ ያስይዝዎ» አልኩ። «ፍሬንዎን ያጽናልዎ። ቀኝ እጅዎን አይንሳዎ።»

«አሜን» አሉ።

ከዚያ ቀና አሉና ያችን ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ብቻዬን መነሳት አልቻልኩም ነበርና ይዤያት ተነሳሁ፤ ዳገቱንም እሳቸው ደግፈውኝ ወረድን።